ከኋላዬ መኪና አትላክ

ባለፈው ሳምንት እንዝርትን የተለየናት ሸራ ቤቱ ውስጥ፣ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ተንበርክካ፣ በስፌት ጠመኔ አገር ስትስል ነበር። ዛሬም ከዚያ አልወረደችም። ለማያውቃት እንንገር፤ እንዝርት የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አታውቅም ነበርና። አድጋም አልተሻላትም። አሁን ደግሞ ከዚህች የጠረፍ ከተማ ተነስታ እስከ ባሕሩ ድረስ አገሩን በሩጫ ላቋርጥ ብላ ተነስታለች፤ ያውም ብቻዋን፣ ስንቋን በሦስት እግር የልጅ ጋሪ እየገፋች፣ በገዛ ገንዘቧ።

ጋሪውን ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝታ እቤት ያስገባች ቀን እናቷ ደረቷን ደቅታ ነበር። «ልጅ የለ! ባል የለ! የልጅ ጋሪ!»

ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው። ሌሎቹ ሰፊዎች ወጥተዋል። ከእንዝርት ፊት፣ የተጠቀለለ ሸራ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ምሳውንም ረስቶታል። እሱ የከተማው ትልቁ የጭነት ድርጅት የስምሪት ሹም ነው፤ የትኛው መኪና መቼ፣ ወዴት፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚወስን። ሾፌሮቹ «ሹሙ» ይሉታል። የባለቤቱ አንድ ልጅ መሆኑን ግን ማንም አይረሳም፤ እንዝርትም ጭምር። በዚያ ቤትና በእሷ ቤት መካከል ያለው ርቀት ከምትሮጠው መንገድ ይረዝማል።

«ጫማው ብዙውን ገንዘብ በላብኝ» አለች፣ በጠመኔው ወደ ሸራው ጥግ እያመለከተች። በትራፊው ሸራ ላይ ከተሞቹን በቀይ ክር ቋጥራቸዋለች። በየሁለቱ ቋጠሮ መሃል የምትበላው፣ የምትተኛበትና የምትጠጣው ተጽፏል። «ከጫማው የተረፈው ለዳቦ፣ ለቴምርና ለለውዝ ነው። ትልልቆቹ ከተሞች ላይ አልጋ እይዛለሁ፤ በተረፈ ራሴ የሰፋሁት ድንኳን አለ። ይሄ ደግሞ ለጋሪው ጎማ ካላማዳሪ ማጣበቂያ፣ ይሄ እግሬ ውሃ ሲቋጥር የምቀባው መድኃኒት። ይቺ የአውቶቡስ መመለሻ ናት፤ ብሞት አልነካትም።»

«ምግቡ ይበቃሻል?»

«ሞክሬዋለሁ እኮ! ወር ሙሉ እቤት እሱኑ ስበላ ከረምኩ። እናቴ ዝንጀሮ ያሳደግኩ መሰለኝ እስክትል።»

ሹሙ ሳቀ። ሲስቅ ሰፊ ግንባሩ ይፈታል፤ እንዝርትም የጀመረችው ሒሳብ ይጠፋባታል። በየቀኑ ሒሳቧን ሁለት ጊዜ የምትሠራው በዚህ ምክንያት ነው። አንዴ እሱ ሳለ፣ አንዴ እሱ ከሄደ በኋላ።

«ተጠባባቂሽስ የት አለ?» አላት። በእሱ ሙያ ተጠባባቂ ማለት ለተበላሸ መኪና የሚደርስ ሌላ መኪና ነው።

«እኔው ነኝ።»

«ደንቡ ትንሽ እንኳ አይላላም?»

«አይላላም። ማንም መንገደኛ ሊያገኘው የሚችለውን ብቻ ነው የምወስደው። ሱቅ ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛ ጫማዬን ቀድሜ የምልክበት ፖስታ ቤትም ለማንም ክፍት ነው። አንተ ግን ለማንም ክፍት አይደለህም።»

«ለአንቺ ብቻ ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው ደንቡን የምታፈርሰው!» አለችና ፊቷ ሲግል ስለታወቃት ወደ ሸራዋ አቀረቀረች።

ይህን ያህል ድርቅና ከየት መጣ የሚል አይጠፋም። አባቷ የሞተው ገና እግሯ ሳይጠና ነው። ዘመድ አልጨከነባቸውም፤ አንዱ ልብስ፣ አንዱ የቤት ኪራይ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ወጪ ችሏል። ግን የተሰጣት ሁሉ ምላስ ነበረው። «እኛ ባንኖር ኖሮ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳትሰማ ያለፈችበት የዘመድ ደጃፍ የለም። ካደገች በኋላ ደግሞ የአገሩ ጭነት ሁሉ በእጇ እየተሸፈነ ወደ ባሕሩ ሲነጉድ፣ እሷ ከከተማው ኬላ አልፋ አታውቅም። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ማንም «እኔ ባልኖር» ሊልበት የማይችል ነገር ያስፈልጋታል። የሹሙ አባት፣ ግቢው ሁሉ «ትልቁ ሰውዬ» የሚላቸው፣ ይህ አልገባቸውም። ወጪዋን በሙሉ ችለው፣ ጋሪዋ ላይ የድርጅቱን ስም አጽፈው፣ ከኋላዋ መኪና ሊያስከትሉ ጠይቀዋት እምቢ ስትል፣ «የስንት መኪና ባለቤት ምራት በእግሯ ስትንከራተት ያየ ሰው ምን ይላል?» አሏት።

«እግር አላት ይላል» ነበር መልሷ። ይህ መልስ ከተማውን ዞሮ እናቷ ጆሮ ለመግባት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ሹሙ ግን አንድም ቀን ገንዘብ ልስጥሽ ብሏት አያውቅም። የሚወዳት እንዲህ ነው ብላ ታምናለች። አሁን እጁን ሸራው ላይ ዘርግቶ፣ በሁለት ቀይ ቋጠሮዎች መሃል ባዶ የቀረውን ቦታ ዳሰሰው። ደረቁ ሜዳ ነው። ሱቅ የለበትም፣ ጉድጓድ የለበትም፣ ጥላ የሚባል ነገር የለበትም። ጣቱ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እዚህ ጋ ውሃዬን ሞልቼ እገባለሁ፣ ጨርሼ እወጣለሁ።»

ረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና ዝም አለ። እንዝርት ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ መርፌዋን ስትነዳ፣ በዚህ ዓለም ላይ ሳይከራከራት የሚያምናት አንድ ሰው ማግኘቷን እያሰበች፣ ለራሷ ፈገግ ትል ነበር።

* * *

መነሻዋ ሲቃረብ ሸራ ቤቱ አስቸኳይ ሥራ መጣለት። ያመጣው የድርጅቱ ሾፌር ነው፤ ጓደኞቹ «ወሬ አያድሬ» ይሉታል፤ ለምን እንደሚሉት ማስረዳት አያስፈልግም። ልኬቱን የያዘውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተመልሶ ሊወጣ ሲል እንዝርት ጠራችው።

«ይሄ የትልቅ መኪና ልክ አይደለም።»

«ትንሿ ናት። ፒክአፗ።»

ገመዱን ዘረጋችው። ከፊት በኩል አንድ ሰው የሚጋደምበት ክፍል ይፈልጋል። ከኋላ ደግሞ ለበርሜል ማሰሪያ ጠንካራ ቀለበቶች።

«ሾፌሩ መኪናው ላይ ሊያድር ነው እንዴ?»

«አዎ... ማለቴ፣ ምናልባት።»

«ምንድን ነው የምትጭነው?»

«ውሃ።»

«ማን ነው የሚጠጣው?»

ወሬ አያድሬ ጣሪያ ጣሪያ አየ። «መኪናው።»

«መኪናው በርሜል ሙሉ ውሃ ይጠጣል?»

«ያረጀ መኪና እኮ ነው እህቴ፤ ይጠማዋል።»

እንዝርት ገመዱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ወዴት ነው የምትሄደው?»

ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ምስጢር ሲይዝ ሆዱን የሚቆርጠው ዓይነት ሰው ነው። «እኔን አታስፈጂኝ። በሩቁ ነው የተባልኩት። አንቺ እንዳታይኝ፣ አቧራዬ እንኳ እንዳይታይ። ደረቁን ሜዳ እስክትወጪ ድረስ። ሹሙ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እግዜር ያሳይሽ፣ እንደዚያ ሲለኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።»

ክው አለች። የምሳ ሰዓቱ፣ ጣቱ፣ ዝምታው፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ከተማ ሙሉ ሸራ ሰፊ ሞልቶ ሳለ ለዚች መኪና የሚሆነውን ለእሷው መላኩ ደግሞ በንዴቷ መሃል አሳቃት፤ የሹሙ ድርጅት ሸራ ሁሉ በእሷ እጅ ማለፉን፣ ከልምድ ብዛት፣ ራሱ ሹሙ ረስቶታል። ሩቅ የሚያስብ ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።

የሸራ ቤቱ ባለቤት፣ ሸበቶው ጋሼ መርፌ፣ ከማዶ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ካስጠላሽ እኔ ልስፋው» አሏት።

«ሥራ ሥራ ነው ጋሼ።»

ሰፋችው። ሁለት ቀን ከማንም ጋር ሳትነጋገር፣ በወፍራም ክር፣ በድርብ ስፌት። የውሃ ጠብታ የማታስገባ ሸራ ሆነች። እያንዳንዱን ቀለበት ስትመታ «አላመነኝም» ትላለች በልቧ፤ «አላመነኝም፣ አላመነኝም»። ከንዴቱ ይልቅ የከበዳት ግን ናፍቆቱ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩን እየቆለፈች፣ ማንኳኳቱን እየሰማች ትቀመጥ ነበር።

* * *

ሸራዋን አጣጥፋ በጋሪዋ ጫነችና ወደ ድርጅቱ ግቢ ገፋችው። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ ቆብ አንስተው አሳለፏት። ግቢው የናፍታ ሽታ አፍኖታል። መኪና የሚያጥቡት ሾፌሮች ውሃውን ዘግተው ቆሙ። ትልቁ ሰውዬ ከፎቁ ሰገነት ላይ ስልክ እያወሩ ነበር፤ አወረዱት።

ሹሙ ከቢሮው ብቅ አለ። ጋሪውን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ሸራህን አመጣሁ» አለችው።

«እንዝርት... ውስጥ ገብተን እናውራ።»

«አንተ እኮ በሩቁ ነው የምትወደው። እዚሁ ይሁን።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ባሕሩ ጋ ስደርስ? ሰው ሁሉ አጨብጭቦልኝ፣ እናቴ አልቅሳ፣ እኔ በገዛ እግሬ ደረስኩ ብዬ አምኜ ካበቃሁ በኋላ? ወይስ ተጋብተን፣ አንድ ቀን ስንጣላ፣ "እኔ ባልኖር ኖሮ" ስትለኝ?»

«በሕይወቴ እንደዚያ አልልሽም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነበር ያለው!»

ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ። ሹሙ ጥቂት ቀረባት። እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ አልደፈረም።

«በሩ ላይ ያሉትን አባት አይተሻቸዋል» አላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «የእኛ ሾፌር ነበሩ። ገና ወጣት ሳለሁ ደረቁ ሜዳ ላይ ሞተራቸው ቆመ። ልንፈልግ ስንወጣ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። አቅፈው ያሳደጉኝ ሰው እኮ ናቸው፤ ዓይኔን እያዩ ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም። ተረፉ። መሪ ግን ዳግም አልጨበጡም። ሹም ከሆንኩ ወዲህ ከማንኛውም መኪና ኋላ፣ ሾፌሩ ሳያውቅ፣ ተጠባባቂ እልካለሁ። ሾፌሩ ካወቀ ይዘናጋል። ሥራዬ ይሄ ነው። ሌላ መውደድ አልችልበትም፤ አላውቅበትም።»

እንዝርት ያንን ሰፊ ግንባር በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ ብታሳርፈው ወደደች። «እሺ፣ ይከተለኝ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሁለት ቃል ነው። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ትልቁ ሰውዬ እንኳ ከሰገነታቸው ይወርዳሉ። እግሯም ይሮጣል። ግን ሩጫው የእሷ አይሆንም።

«ፍርሃትህ ገብቶኛል» አለች። «አልስቅብህም። ግን እኔን ልታሸክመኝ አትችልም። ውሃዬን እኔ ልግፋ። ፍርሃትህን አንተ ቻለው።»

«ካልቻልኩስ?»

«እንግዲያው እኔንም አትችለኝም።»

ትልቁ ሰውዬ ከላይ ጮኹ። «የፈቀድኩት እኔ ነኝ! መኪናው የእኔ፣ መንገዱ የመንግሥት! ማን ነው የሚከለክለኝ?»

እንዝርት ቀና አለች። «ማንም አይከለክልዎትም። ግን ያቺ መኪና ከኋላዬ ከወጣች፣ ስመለስ ልጅዎን አላውቀውም። ሲያልፍ ባየው ሰላም አልለውም። ይህን በሰው ፊት የምናገረው እንዳልመለስበት ነው።» ከዚያ ሸራዋን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠች። «የስፌቱን ዋጋ ደግሞ ለጋሼ መርፌ ይላኩላቸው።»

ባዶ ጋሪዋን ስትገፋ መንገዱ አልታያትም። ከበሩ እንደወጣች እንባዋ ያለ ፈቃዷ ወረደ፤ ከኋላዋ የሚሮጥ እግር ሰማሁ እያለች እስከ ቤቷ ድረስ ጆሮዋን አቁማ ሄደች። ማንም አልሮጠም።

* * *

«አበድሽ?» አለች እናቷ፣ ነገሩ ከእሷ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበርና። «እንደዚያ ያለ ሰው በፋኖስ ቢፈለግ ይገኛል? ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ! ባሕር አያለሁ ብለሽ ደጅሽ የመጣውን አባረርሽ!»

እንዝርት ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። እናቷም ስድቡ አለቀባትና አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ታሻት ጀመር። ሆቴል ቤት ልብስ በማጠብ የሻከረው መዳፍ ልብሷን እየያዘ ይንኮሻኮሻል። በኋላ ልጅቷ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና የተጠቀለለውን ትራፊ ሸራ ወለሉ ላይ ዘረጋች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንድ ነገር ልክ ነው» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «ደረቁ ሜዳ ላይ ያሰብኩት ውሃ ያንሳል።»

እውነቷን ነበር። ልቧ ቢቆስልም ዓይኗ አልታወረም። የሰው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ጠቃሚውን ወስዶ የቀረውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ጠመኔዋን አነሳች። ምድጃዋን ሰረዘች፤ ዳቦ ሳይሞቅም ይበላል። ቅያሪ ልብሷን ሰረዘች። ከአልጋዎቹ ግማሹን ሰርዛ በዚያ ሒሳብ ጀሪካን ጨመረች። ሜዳው ላይ ፀሐይ ሳትበረታ ለመሮጥ፣ ቀትር ላይ በድንኳኗ ጥላ ለማረፍ አሰበች። እናቷ ቆማ ስታይ ስታይ አላስቻላትም።

«ስሚ» አለቻት። «የሚከብደው ሙሉው ጀሪካን አይደለም፣ ጎደሎው ነው። ይናጥና እጅሽን ይጎትተዋል። አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን አትክፈቺ። የከፈትሽውን ወደ አንቺ አቅርቢው።»

«እሺ እማዬ።»

«እንዲሁ ነው የምነግርሽ እንጂ ሂጂ አላልኩም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጎረቤቱ በየማለዳው አንዲት ሴት ጀሪካን የሞላ የልጅ ጋሪ ዳገት ለዳገት እየገፋች ስትሮጥ አየ። የሳቀም አለ፣ ያማተበም አለ። እሷ ማንንም አላየችም። ስትሮጥ ብቻ ነበር ልቧ የማያማት። ስትቆም የዚያ ሰው ድምፅ ይመጣል። «ሌላ መውደድ አልችልበትም» ይላታል።

አንድ ከሰዓት ወሬ አያድሬ ሸራ ቤት ብቅ አለ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ደስ ይበልሽ! ጉዞዬ ተሰረዘ። የውሎ አበሌን በሕልሜ ቆጥሬ ጨርሼው ነበር።»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። «ማን ሰረዘው?»

«ሹሙ ነዋ። ከአባቱ ጋር ያልተባባሉት የለም፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። "የሰው ልጅ እዚያ ብትቀርስ?" ሲሉት ቁልፉን ከሰሌዳው ነቅሎ ኪሱ ከተተው። አሁን ቤት ውስጥ አይነጋገሩም።»

«ስለ እኔ... የነገረህ ነገር አለ?»

ወሬ አያድሬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም። ስምሽን አንስተን እንደሆነ ወጥቶ ይሄዳል።»

እንዝርት መርፌዋን ከወለሉ አነሳች። መኪናው ቀርቷል፤ ያለችው ሆኗል። ግን ስሟ ሲነሳ የሚወጣ ሰው ምኑ ይጠበቃል? እሱ ቃሏን አክብሮ፣ እሷን ከልቡ አውጥቷታል ማለት ነው። ያሸነፈች ሴት ነበረች፤ እንዲህ ያለ ማሸነፍ ግን ለጠላትም አይስጥ።

* * *

የመነሻዋ ማለዳ ሰማዩ ገና እየገረጣ ነበር። ኬላው አጠገብ እናቷ፣ ጋሼ መርፌና ሦስት አራት ሰፊዎች ተሰብስበዋል። ጋሪው ተጭኗል፣ ጀሪካኖቹ ተጠፍረዋል፣ ጎማዎቹ ተነፍተዋል። እንዝርት ማሰሪያዎቹን ትነካካለች፤ ዓይኗ ግን መንገዱን ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለች እናቷ።

«ማንንም።»

«ኧረ ባክሽ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ።»

ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ሊሄድ ሲል ያዘችው። ጋሼ መርፌ ግንባሯን ሳሙ። እናቷ አንገቷን አቅፋ፣ በጆሮዋ ያለችውን እኛም አልሰማንም። ከዚያ እንዝርት የጋሪውን እጀታ ጨበጠችና ጉዞ ጀመረች። የኬላው ጠባቂ ገመዱን ዝቅ አደረገላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማው ወጣች።

ትንሽ እንደሮጠች መንገዱ ዳር አንድ ሰው ቆሞ አየች። ሱሪውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቅልሏል። ጫማው ከመደብር ዛሬ የወጣ ይመስላል። ስትደርስ ምንም ሳይል ከጎኗ መሮጥ ጀመረ።

እሷም እግሯን አላቆመችም። «ጫማህ ይልጥሃል» አለች፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

«ልጦኛል። ገና እዚህ ስመጣ።»

«በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«መኪና ይዤ ወደ አንቺ አልመጣም ብዬ።»

ጎን ለጎን ሮጡ። የጋሪው ጎማና የሁለቱ እስትንፋስ ብቻ ይሰማል፤ የእሷ የተመጠነ፣ የእሱ የተበጣጠሰ።

«ይሄን ሁሉ ቀን የት ነበርክ?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋም ከዳት። «ስሜ ሲነሳ ትወጣለህ አሉኝ። ጠላኸኝ ብዬ... ረሳኸኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

«ብመጣ እለምንሽ ነበር» አለ፣ አየር እየሳበ። «አውቀዋለሁ ራሴን። በሩን ከፍተሽ ፊትሽን ባየው "ተይው፣ አትሂጂ" እልሽ ነበር። ሳልለምንሽ አጠገብሽ መቆም እስክችል... ጠበቅኩ።»

«አሁን ቻልክ?»

«አልቻልኩም። ልቤ ሊፈነዳ ነው። ግን አልለምንሽም።»

እንዝርት ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ከላብ ቀድሞ ይወርድ ጀመር፤ ሁለቱ እጆቿ ጋሪው ላይ ናቸውና አልጠረገችውም።

«አባትህስ?»

«"አንድ ነገር ብትሆን በማን እጅ ነው?" አለኝ።» ቆም ብሎ አየር ሳበ፣ መልሶ ደረሰባት። «"በእሷው እጅ ነው" አልኩት። ይህችን ለመናገር የፈጀብኝን አትጠይቂኝ። ተናግሬ ወጥቼ ተጠባባቂዬን ሁሉ ያጣሁ መሰለኝ።»

ወደ ዳገቱ ደርሰዋል። እሷ ጋሪዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ አጭር አጭር እየረገጠች መውጣት ጀመረች። የእሱ እግር ግን መጎተት ይዟል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዝርት ሳታስበው እርምጃዋን ገታ አደረገች።

ወዲያው አወቀባት። «እንዳትቀንሺ!»

«ትንሽ ብቻ...»

«እንዝርት፣ በፈጠረሽ! በእኔ ምክንያት አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትቀንሺ። ልቅር። መቅረትን ልልመደው።»

እግሯን አነሳች። መጀመሪያ ክንዱ ከክንዷ ተለየ። ቀጥሎ ጥላው ከጎኗ ጠፋ። ከዚያ የእግሩን ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ዞራ ብታየው እንደማትሄድ ታውቃለች። አገሩ ሙሉ ፊቷ ተዘርግቷል፣ የምትወደው ሰው ከኋላዋ ጉልበቱን ይዞ ቆሟል፤ አንገቷም እንደ ድንጋይ ከብዷታል። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ሲላት ሳቅ ብላ ታልፈው ነበር፤ አንድ ቀን የሚከፈል ዕዳ ይሆንብኛል ብላ ትፈራው ነበርና። አሁን ግን ማንም ምንም አልጠየቃትም።

«እወድሃለሁ!» ብላ ጮኸች፣ ወደ ፊት ለፊቷ፣ ወደ ባዶው መንገድ። «ሰማህ? እወድሃለሁ!»

ከኋላዋ የሳቅም የልቅሶም ያልሆነ ድምፅ መጣ። ከዚያ፣ ባለ በሌለ አቅሙ፣

«ሰምቻለሁ! ሂጂ!»

እንዝርት ፊቷን በትከሻዋ ጠረገችና ዳገቱን ወጣች።